ፍቺውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ደስታዬ የት ሄደ?

የአንባቢዋ ደብዳቤ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ዕድሜዬ 43 ነው። ከ16 ዓመት ትዳር በኋላ ከተፋታን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ፍቺውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አልደበደበኝም፣ አልወሰለተብኝም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ባዕዳን ሆነን ዓመታት ካለፉ በኋላ በቃኝ አልኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጣዕም አጣብኝ። ሙዚቃው፣ መጽሐፉ፣ ጓደኞቼ እንደ ድሮው አሉ፤ እኔ ግን የለሁም። ልጆቼ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድን ከአባታቸው ጋር ያሳልፋሉ፤ ያን ጊዜ ቤቱን ሁለት ጊዜ አጸዳለሁ። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዬ በተናገረው ነገር ከልቤ እየሳቅሁ ድንገት አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ‹ምን ያስቅሻል?› ያለኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ጓደኞቼ ራስሽን አስደስቺ እያሉ ስለጨቀጨቁኝ ብቻዬን አንድ ሐይቅ ዳር ሄጄ ሆቴል ለሦስት ሌሊት ያዝኩ፤ በሁለተኛው ቀን እያለቀስኩ ተመለስኩ። ዘመዶቼ ‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች› ይላሉ። እውነታቸውን ይሆን? የፈለግሁትን አግኝቼ መደሰት ያቃተኝ ለምንድን ነው? መቼስ ያልፋል? ዕቃ ሳስተካክል ከጋብቻ በፊት እሥልባቸው የነበሩትን የውሃ ቀለም ብሩሾች አገኘሁ። ሳጥኑን መልሼ ዘጋሁት።»

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አንድ ሳምንት አለፈ። የዘገየሁት ቸል ብዬ አይደለም፤ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብዬ ልሸኝሽ ስላልፈለግሁ ነው። ይህንን ቃል እስካሁን ጠግበሽዋል።

ከሁሉ በፊት ያቺን ሳቅ ላንሳ። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። መደሰት ጨርሶ ያቃተው ሰው ከልቡ አይስቅም። አንቺ ዘንድ ደስታው መጥቶ ነበር፤ ደጃፍ ላይ ደርሶ የመለስሽው አንቺው ነሽ። ስለዚህ ጥያቄሽን ትንሽ ልለውጠውና «ደስታዬ የት ሄደ?» ያልሽውን «እንዳይገባ የከለከለው ማነው?» እንበለው።

ከልካዩን ያገኘሁት «ፍቺውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ» በምትለው ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ነው። በሙሉው ደብዳቤሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሻታል። ተበድሎ የተተወ ሰው የሚያለቅስበት ትከሻ አያጣም። ትዳሩን ያፈረሰችው ግን «ራስሽ ፈልገሽው» ትባላለች፤ አንቺ ደግሞ ሰው ሳይልሽ ቀድመሽ ለራስሽ አልሽው። እንዳታዝኚ፣ ፈልገሽ ያመጣሽው ነው። እንዳትደሰቺ፣ ቤት አፍርሰሻል። ሐዘኑም ደስታውም ተከልክሎ የተረፈልሽ ቤት ማጽዳት ብቻ ሆነ። ጣዕም ማጣት የምትይው ነገር እኔ እንደሚመስለኝ በእነዚህ ሁለት ክልከላዎች መሃል ተጣብቆ መኖር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆምስ እና ሪቻርድ ራሄ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች የሰውን ኑሮ የሚያናውጡ 43 ክስተቶችን በነጥብ አሰልፈው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ተሰጠው፤ ፍቺ 73፣ ያለ ፍቺ ተለያይቶ መኖር ደግሞ 65። ፍቺ ከሞት ቀጥሎ ሁለተኛው ነው ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝርዝሩ «ማን ጠየቀው?» የሚል ጥያቄ የሌለው መሆኑ ነው። 73ቱ ነጥብ ለተተወውም ትቶ ለወጣውም አንድ ነው።

ሮበርት ዋይስ የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተለያዩ ባለትዳሮች ጋር ብዙ ሠርቷል። ያስተዋለው ነገር ላንቺ የተጻፈ ይመስላል፤ ፍቅር ካለቀ በኋላም መተሳሰሩ አይጠፋም። ትቶ የወጣውም ሰው ውስጡ ይረበሻል፤ ከማይፈልገው ሰው መራቁ ራሱ ያስጨንቀዋል። አንዳንዶች ደግሞ በመጀመሪያ ልክ እንዳንቺ ይፈነጥዛሉ፤ ፍንጠዛው ሲበርድ ያን ጊዜ ያልታዘነው ሐዘን ይመጣል። ስለዚህ እነዚያ ሁለት ወራት ውሸት አልነበሩም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ባዶነትም ውሳኔሽ ስሕተት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ተራቸውን ጠብቀው የመጡ።

የምታዝኚው ደግሞ ለእርሱ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያ ልጅሽ ቆማ የሄደችበትን ወይም የሄደበትን ቅጽበት ካንቺ ጋር ያየ ሰው እርሱ ነው። ተቸግራችሁ የኖራችሁባትን ጠባብ ክፍል፣ ሁለታችሁ ብቻ የምትስቁበትን ቀልድ፣ ለልጅ ስም ስትመርጡ የጣላችኋቸውን ስሞች የሚያውቅ ሌላ ምስክር በዓለም ላይ የለሽም። ሰውየውን ሳይናፍቁ ምስክርን መናፈቅ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ናፍቆት በስሙ ጥሪው እንጂ «እንግዲህ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» ብለሽ አትተርጉሚው። እንዲህ ተርጉመው ወደማይኖሩበት ትዳር የተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ።

የዘመዶችሽን ተረት በተመለከተ ብዙ አልልም። ተረቱ ብብት ውስጥ ያለው ነገር የሚረባ ነው ብሎ ነው የሚነሣው። በረዶ ታቅፎ የሚኖርም አለ። ምን ታቅፈሽ እንደነበር የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ሳቁ ልመለስ። ዴቪድ ስባራ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናት፣ በቅርቡ የተለያዩ ሰዎች ስለ መለያየታቸው ለአራት ደቂቃ እንዲናገሩ አድርጎ ድምፃቸውን ቀዳ። ለራሳቸው ርኅራኄ በንግግራቸው ውስጥ የተሰማባቸው ሰዎች ከወራት በኋላም የፍቺው ሐሳብ እየመጣ ብዙ አያውካቸውም ነበር። ርኅራኄ ሲባል ራስን ከጥፋት ነጻ ማውጣት አይደለም። «የአቅሜን ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም፤ ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው» ብሎ መናገር መቻል ነው። ካንቺ የምፈልገው ከዚህም ያነሰ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳቅ ሲመጣ ጨርሺው። ጸጸቱ ይመጣ ይሆናል፤ ይምጣ፣ ተራውን ይጠብቅ። መሃል ላይ ገብቶ እንዳያቋርጥሽ ብቻ። እጅሽን ከአፍሽ ላይ አውርጂ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። በትዳሬ ዘመን ቤታችን የሚነቃው በሬዲዮ ዜና ነበር፤ የቀድሞ ባለቤቴ ያለ ዜና ጧት የነጋ አይመስለውም። ከተለያየን በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ እየተነሣሁ ሬዲዮውን ስከፍት ኖርኩ። አንድ ጧት ግን እጄ ማብሪያው ላይ እንዳለ «እኔ እኮ ጧት ዜና አልወድም» የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ወድጄውም አላውቅም። አጠፋሁት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥታው አስፈራኝ፤ ደረቴን ጨነቀኝ። ከዚያ ወፎች እንዳሉ ሰማሁ፤ ጎረቤት በር ሲከፍት ሰማሁ፤ ጧት ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ በ39 ዓመቴ ተማርኩ።

ይህንን የምነግርሽ «ሁሉ ነገር እንደ ድሮው አለ፤ እኔ ግን የለሁም» ስላልሽ ነው። ያለው ሙዚቃ የማን ሙዚቃ ነው? መጽሐፉን ማን መረጠው? ጓደኞችሽስ በጥንድ የሚገናኙ የባልና ሚስት ጓደኞች አይደሉም? በ16 ዓመት ውስጥ የሰው ምርጫ ከሌላው ምርጫ ጋር እየተደራደረ አንድ ሦስተኛ ነገር ይሆናል፤ የእርሱም ያንቺም ያልሆነ። ትዳሩ ሲፈርስ ያ ሦስተኛው ሰው አብሮ ይሄዳል። የሚጣፍጥሽን እያጣሽ ያለሽው ያ የሄደው ሰው ይወደው የነበረውን ነገር ደጋግመሽ ስለምትቀምሺ ሊሆን ይችላል። እሑድ ከሰዓት ላይ አንቺ ብቻሽን ምን ትወጃለሽ ብልሽ ምናልባት መልስ የለሽም። ይህ ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የጠየቀሽ ሰው አልነበረም።

«መቼ ያልፋል?» ላልሽው ደስ የሚያሰኝ መልስ ብሰጥሽ ደስ ባለኝ። ሪቻርድ ሉካስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት በጀርመን ለ18 ዓመታት በየዓመቱ ስለ ኑሯቸው የተጠየቁ ሰዎችን መልስ መርምሯል። የተፋቱት ሰዎች እርካታ መውረድ የጀመረው ገና ከፍቺው በፊት ነው፤ ከፍቺው በኋላ በዝግታ ከፍ ይላል፤ በአማካይ ሲታይ ግን ወደ ጥንቱ ቦታ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አማካይ ውስጥ ከድሮው በላይ የወጣም እዚያው ወድቆ የቀረም አለበት። ከዚህ የምረዳው ጊዜ እንደሚያግዝ፣ ብቻውን ግን ሥራውን እንደማይጨርስ ነው። «ጊዜ ሁሉን ይሽራል» እያሉ እጅን አጣጥፎ መጠበቅን አልመክርሽም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ስሜቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ይላል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ፒተር ሌዊንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየው፣ ያዘነ ሰው የሚያስደስተውን ነገር መሥራት ይተዋል፤ ስለተወው የሚያስደስተው ነገር ያጣል፤ ስላጣ ይበልጥ ያዝናል፤ ይበልጥ ስላዘነ ይበልጥ ይተዋል። ክቡ የሚሰበረው ከሥራው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒል ጃኮብሰን እና ባልደረቦቹ በድባቴ የሚሠቃዩ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሐሳብን መለወጥንም የሚጨምረው ሙሉው ሕክምና እንቅስቃሴን ብቻ ከሚመልሰው ክፍል በልጦ አልተገኘም። ሳይወዱ በግድ እግርን ማንሣት በራሱ ሕክምና ነው። ስሜት ከኋላ ይከተላል፤ አንዳንዴ በጣም ዘግይቶ።

«ሞክሬው የለም እንዴ፣ ሐይቅ ዳር ሄጄ!» ትይኝ ይሆናል። አዎ፤ የሞከርሽው ግን ክንዱ ለወራት በጀሶ ታስሮ የቆየ ሰው ጀሶው በተፈታለት ዕለት ከባድ ዕቃ እንደሚያነሣው ነው። ሦስት ሌሊት፣ የማታውቂው አልጋ፣ ጥንዶች የሞሉበት ሆቴል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ «ዛሬ መደሰት አለብኝ» የሚል ትእዛዝ። ማንም ያለቅስበታል። «ራስሽን አስደስቺ» የሚለውን ምክር ስሰማ እበሳጫለሁ፤ የሚናገረው ሰው በቅንነት ቢናገረውም፣ ለሚሰማው ሰው ግን የሚወድቅበት ፈተና ነው የሚሆንበት።

አንቺ ከሃያ ደቂቃ ጀምሪ። ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አንድ ነገር፣ ሰዓት ቆርጠሽ፣ ወረቀት ላይ ጻፊ። አራት ሰዓት ላይ በማታውቂው መንገድ በእግር መሄድ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ ከ10 ስንት ያስደስተኛል ብለሽ የገመትሽውን አስፍሪ፤ «1» ብትይም ግድ የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ስሜትሽን ሳታማክሪ ውጪ። ስትመለሺ እውነተኛውን ነጥብ ጻፊ። ያዘነ ሰው የወደፊት ደስታውን አሳንሶ የመገመት ልማድ አለው፤ «1» ብለሽ «3» ታገኚ ይሆናል። ሦስት ትንሽ ናት፤ ያንቺ ግን ናት። አንዳንዱ ነገር «0» ሆኖ ይቀራል፤ ጣይውና ሌላ ሞክሪ። ከሁለት ወር በኋላ ያ ወረቀት ማን እንደሆንሽ ከማንም በተሻለ ይነግርሻል።

ስለ መጻፍ ካነሣሁ አይቀር፣ ስሜትሽን በየማታው ደብተር ላይ አትዘርግፊ። ብዙ ሰው ሲመክረው ስለምሰማ ነው እንዲህ የምለው። ያው ስባራ ያልኩሽ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ነገር የሚያብሰለስሉ ሰዎች የፍቺ ስሜታቸውን በጥልቀት እንዲጽፉ ሲደረግ፣ ቀናቸውን በምን እንዳዋሉ ብቻ ከጻፉት ይልቅ ማገገማቸው ተጓተተ። ቤቱን ሁለት ጊዜ የምታጸዳ ሴት እያብሰለሰለች ነው የምታጸዳው ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ «ምን ተሰማኝ?» የሚለውን ለጊዜው አቆይውና «ዛሬ ምን ሠራሁ?» የሚለውን ጻፊ።

ሁሉንም ብቻሽን አድርጊ ማለቴም አይደለም። ላዘነ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ይከብደዋል፤ «እንዴት ነሽ?» ለሚለው መልስ ሲፈልግ ይደክማል። ጎን ለጎን መሆን ይቀላል። አብሮ መራመድ፣ አብሮ መዋኘት፣ ሌሎች በዝምታ በሚያነቡበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጥ፣ አንድ ሙያ የሚያስተምሩበት ክፍል ውስጥ ከማያውቁሽ ሰዎች ጋር መግባት። የማያውቅሽ ሰው ጥሩነቱ አንቺን «የተፋታችው» ብሎ አለማየቱ ነው።

ልጆችሽ በሌሉበት እሑድ መደሰት እነርሱን መክዳት እንዳይመስልሽ። ሲመለሱ ፊትሽን ነው የሚያነቡት። እናታቸው እነርሱ ሲሄዱ የምትጠወልግ ከመሰላቸው አባታቸው ዘንድ የሳቁትን ሳቅ ደብቀው ይመጣሉ፤ ያኔ በአንድ ቤት ውስጥ አፉን የሚይዝ ሰው ሁለትና ሦስት ይሆናል። «ዛሬ በማላውቀው መንገድ ሄድኩ» ብለሽ ንገሪያቸው፤ እነርሱም ይነግሩሻል።

የእርሱን ገጽ በስልክሽ ትከታተያለሽ? አልጻፍሽልኝም፤ የምታደርጊው ከሆነ ግን ተዪው፣ ዛሬውኑ። አዲስ ፍቅርን በተመለከተም አቋሜ ግልጽ ነው፤ የሚመጣ ከሆነ ይምጣ፣ እንደ መድኃኒት ግን አትፈልጊው። እሑድ ምን እንደምትወጂ ሳታውቂ ሌላ ሰው ብታስገቢ የእርሱን ሬዲዮ ስትከፍቺ ትኖሪያለሽ።

አንድ ነገር በጥሞና ስሚኝ። ምንም ነገር ያለማስደሰቱ ወይም የከፋሽ ስሜት በአብዛኛው ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ ከሆነ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽም ከተዛባ፣ ሥራ መሥራትም ካቃተሽ፣ ይህ ከሐዘን አልፎ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ ያኑ ዕለት ለምታምኚው ሰው ተናገሪ፣ አብሮሽም ወደ ሕክምና ይሂድ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም፤ ነገር ግን ሰው ለማያውቀው አማካሪ ሁሉንም አይጽፍም።

በመጨረሻ ያቺን ሳጥን። በደብዳቤሽ ውስጥ ከትዳሩ በፊት የነበረ፣ ማንም ያልተደራደረበት ብቸኛ ነገር እርሷ ናት፤ ለዚህም ይመስለኛል ቶሎ የዘጋሻት። ሥዕል ሣዪ አልልሽም፤ ገና ነው። በሚቀጥለው ልጆችሽ በማይኖሩበት ቅዳሜ ሳጥኑን ክፈቺና ብሩሾቹን ብቻ አውጪ። ከስንት ዓመት በኋላ ፀጉራቸው ደርቆ ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጫፋቸውን ብቻ ንከሪ፤ ትኩስ ውሃ ፀጉሩን ከብረቱ ጋር ያያያዘውን ሙጫ ያላቅቀዋል። በብሩሹ ላይ አትደገፊ፣ ጫፉ ይጣመማል። ሲለሰልስ በትንሽ ሳሙና መዳፍሽ ላይ እያሽከረከርሽ እጠቢው፤ የድሮ ቀለም ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ጫፉን በጣቶችሽ አሹለሽ ጨርቅ ላይ አጋድሚውና እስኪደርቅ ተዪው። ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ወረቀትሽ ላይ ከ10 ስንት እንደሰጠሽው ጻፊልኝ።